አክስቴ መብራት

ስልኬ ውስጥ «አክስቴ መብራት» የሚል ስም አለ። ለማያውቅ ሰው የቅጽል ስም ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ቢደወልበት አይጠራም፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው የአክስቴ ቤት የመብራት ውል ቁጥር ነው። ከሥሩ «አክስቴ ውሃ» አለች። ራሷ አክስቴ «እቴቴ» ተብላ ሌላ ቦታ ተመዝግባለች። ወር ሲያልቅ ከሦስቱ ቀድሜ የማስታውሰው መብራቷን ነው፤ ይህን ስናገር ትንሽ ያሳፍረኛል።

ቁጥሩን ገልብጬ ክፍያው ላይ እለጥፋለሁ። ስልኩ ትንሽ ያሰላስልና አንድ ስም ያወጣል። የአክስቴ ስም አይደለም፤ የባሏ ነው። ካረፈ ሰባት ዓመት አልፎታል። በ1997 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው እሱ፣ ዕጣው የወጣለት እሱ፣ ቆጣሪውን ያስገባው እሱ። እናም በየወሩ መጨረሻ ዕዳውን ይዞ ከተፍ ይላል፤ ከፍዬ አሰናብተዋለሁ። ስሙን ወደ እሷ እንድታዞር ስንት ጊዜ ጎተጎትኳት። መቼም ልደታ ተቀምጦ ፍርድ ቤት ሩቅ ነው ማለት አይቻልም። «ተወው» ትላለች፤ «ስሙ እንኳ ደጁ ላይ ይቆይ።»

የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም ይሄ። የእኛ ዕድሜ ሰው ለእናቱ መብራት፣ ለአጎቱ ውሃ፣ ለአማቱ የቤት ስልክ ይከፍላል። ድሮ አንድ ሙሉ ጠዋት ይበላ ነበር። በ2005 «ለሁሉ» የሚባሉት ማዕከላት ሲከፈቱ መብራት፣ ውሃና ስልክ በአንድ መስኮት መክፈል ተቻለና ተመስገን አልን። ግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፤ ባንኮቹም መተግበሪያቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ሰልፉ ኪሳችን ውስጥ ገባ። አሁን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ወራጅ ሳልል የሁለት ቤት ዕዳ እዘጋለሁ።

«ምኗ ነህ?» የሚለኝ የለም። ዕዳ ሊከፍል የመጣን ሰው መታወቂያ አምጣ ማለትም ያስቃል፤ ማን ነው በተንኮል የሰው መብራት የሚከፍለው? አንድ ቀን ግን ነገሩን ገልብጬ አየሁት። ለማየት መክፈል ግድ አይደለም። ቁጥሩን የያዘ ሰው ገብቶ፣ የሟቹን ስም አንብቦ፣ ዕዳውን ቆጥሮ፣ ሰባራ ሳንቲም ሳያወጣ መመለስ ይችላል። ቁጥሩ ደግሞ የተቆለፈበት አይደለም፤ አክስቴ አንዱን የድሮ ቢል ከቀን መቁጠሪያው ጎን በሚስማር ሰቅላዋለች፤ ቧንቧ ሊጠግን የገባ ሁሉ ያነበዋል።

እሱን ሌላ ሰው ይጻፍበት። እኔ የማወራው የራሴን ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ መብራት መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ሰው ሁሉ በሚያጉረመርምበት ሰሞን የእሷ በግማሽ ቀነሰ። በሁለተኛው ወር ያው። በሦስተኛው ጭራሽ የአምፖልና የቴሌቪዥን ብቻ የሚመስል ብር መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ታሪፍ እየወጣ የአንድ ቤት ቢል ከወረደ ወይ ቤቱ ተዘግቷል፣ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይ እንጀራ መጋገር ቆሟል። ሌላው ዕቃ ሁሉ ተደምሮ ምጣዱን አያህልም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አክስቴ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ የምትጋግር ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ ገና ከታች የአክንባሎዋ ድምፅ ይሰማሃል፤ ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ የአብሲቱ ሽታ ይቀበልሃል።

በዚያን ጊዜ አንድ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ልደታ ሄዶ ደረጃውን ይወጣል። እኔ ግን የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሥቼ የዘመድ አዝማዱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ሠላሳ አንድ ሰው ያለበት ግሩፕ ነው፤ ከልደታ እስከ ዱባይ፣ ከዱባይ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከሥሩ «እቴቴ መጋገር የተወች ይመስለኛል፤ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ተቆርቋሪነቴን ሁሉም እንዲያይልኝ ፈልጌ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆነ የሚሆነው። አንዱ ገንዘብ ላከ። አንዷ ሠራተኛ ይቀጠርላት አለች። አሜሪካ ያለው ሐኪም ቤት ውሰዷት አለ። በሠርግ አንዴ ያየኋት የአንድ ዘመዳችን ሚስት «ጤፍ ተወዶባት ይሆናል፣ ምስኪን» ብላ የእንባ ምስል ጨመረችበት። የከፋው የመጣው ግን ማታ ነው። ከባልየው ወገን የሆነ፣ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ ፎቶው ላይ ያለውን ስም አንብቦ ኖሮ «ቤቱ እስካሁን በጋሼ ስም ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰም። የመብራት ቢል ነው እንግዲህ፤ የውርስን በር ከፍቶ ቁጭ አለ።

በማግሥቱ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ና።» ሄድኩ። ቡና አልቀረበም፤ ከዚያ የባሰ ክስ እሷ ቤት የለም። ምጣዱ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«መብራቴን ክፈልልኝ አልኩህ እንጂ» አለችኝ፣ «ቤቴን አንብብልኝ አልኩህ?»

እውነቱ ይህ ነበር። ትከሻዋን አሟት አክንባሎውን ማንሣት አቅቷታል። እንጀራ የምትገዛው ከሌላ ብሎክ፣ በዘምቢል ሸፍና፣ ሰው ሳያያት ነው። ምክንያቱም ብሎኩ ውስጥ በእንጀራዋ የታወቀች ናት፤ ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለማኅበር «እሷ ትጋግረው» የሚባልላት። የገዛችውን እንጀራ ለእንግዳ አቅርባ «ዓይኑ እንዴት ያምራል» ሲሏት ዝም ትላለች። አልራባትም፤ አልቸገራትም። የደበቀችው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ወስጄ በሦስት አህጉር በተንኩት፤ ያውም ምስኪን አስብዬ።

ገመና የሚባለው ቃል የገባኝ ያን ቀን ነው። ምስጢር አይደለም፤ ምስጢር አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው ይችላል። ገመና የቤት ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ይኖራሉ፣ ያወቁትም እንዲሸፍኑት ነው። በድሮዋ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ የጭቃ ቤቶቹ ጣሪያ ለጣሪያ ተደጋግፈው ሳሉ፣ ዛሬ ቆጣሪ የሚነግረውን ጭስ ይናገር ነበር። ሁለት ቀን ጭስ ያልታየበትን ቤት ጎረቤት ያውቀዋል። ያወቀችው ሴት ግን ደጅ ቆማ አትጣራም። ሳህኑን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍንና «ልጆቹ አልበላም ብለውኝ እኮ ነው» እያለች ትገባለች። ውሸቷን ነው፤ ተቀባይዋም ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ሳህኑ ሲመለስም ባዶውን አይመለስም።

ፈረንጆቹም በጭስ ነገር ተካሰዋል። በአሜሪካዋ ኦሪገን ፖሊሶች አንድ ቤት ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ሆነው ሙቀት በሚያሳይ መሣሪያ ግድግዳውን ቃኙ፤ ሰውዬው በኃይለኛ መብራት ማሪዋና ያሳድግ ነበር። የመብራት ቢሉንም አይተውበታል። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2001 እ.ኤ.አ. በአምስት ለአራት ድምፅ ያለ ማዘዣ እንዲህ መቃኘት ሕገ ወጥ ብርበራ ነው ተባለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ መሣሪያው የቤቷ እመቤት ማታ ማታ በስንት ሰዓት ገላዋን እንደምትታጠብ ሳይቀር ሊያሳብቅ ይችላል ብለው ሰጉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሆላንድ የላይኛው ምክር ቤት ዘመናዊ ቆጣሪ በየቤቱ በግዴታ ይግባ የሚለውን ሕግ የሰውን ገመና ያወጣል ብሎ መለሰው። አክስቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ ነው «ቤቴን አንብብልኝ አልኩህ?» ያለችው።

ሕግ እኛም ዘንድ አልጠፋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው መኖሪያ ቤት እንዳይደፈር ደንግጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ። ዳታህን የያዘ ተቋም ለሰበሰበበት ዓላማ እንጂ ለሌላ እንዳያውለው፣ አንተም ምን እንደያዘብህ የመጠየቅ መብት እንዲኖርህ ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን የአክስቴ ጉዳይ የወጣው በተቋም በር አይደለም፤ በወንድሟ ልጅ እጅ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ቀለብ የመስጠት ግዴታን የሚጥለው በዋናነት በወላጅና በልጅ መስመር፣ እንዲሁም በወንድምና እህት መካከል ነው፤ የወንድም ልጅ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ የምከፍለው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ክፉው ነገር፣ በፈቃዱ የሚከፍል ሰው ለማየትም መብት የገዛ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት የውሃዋ ቢል ሦስት እጥፍ ሆኖ መጥቶ ነበር። ዝርዝሩን ልጠይቅ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ።

«ባለቤቱ ይምጡ» አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ።

«አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። ወራሽ ይምጡ፣ ወይ ውክልና ያምጡ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስከፍል ውክልና የት ነበር?»

«ለመክፈልማ አያስፈልግም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ።

ተናድጄ ወጣሁ። በየሄድኩበት ቢሮክራሲ ብዬ አማኋት። አሁን ቆጥሬ ሳየው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የአክስቴን ገመና የጠበቀች ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ፎቶውን ከግሩፑ አጠፋሁት፤ በየስልኩ የቀረውን ግን ማን ያጠፋዋል? ያ «በጋሼ ስም» ያለው ሰውዬ ለፋሲካ ደውሎላት ነበር፤ ስለ ቤቱ አላነሣም፣ እሷም አላነሣችበትም። ሁለቱም ስለ ዶሮ ዋጋ ተነጋግረው ዘጉ።

በቅርቡ መብራቷ እንደገና ወጣ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ትከሻዋ ተሽሏት ይሆናል፤ ምናልባት ጎረቤት ያለችውን ወጣት አክንባሎ እያስነሣች ታስጋግራለች። ጣቴ ወደ ግሩፑ ሄዶ ነበር። ከፍዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ቅዳሜ ስሄድ ቡና ነበር፣ እንጀራም ነበር፤ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ ዓይኑ ያምራል አልኩ።

ይህን ልጽፍ መሆኑንም የዚያን ዕለት ነገርኳት፤ ያለ ፈቃድ ሁለተኛ አልደግመውም ብዬ። ስኒውን አስቀመጠችና ቆይታ አሰበችበት።

«ጻፈው» አለች። «ስሜን አታንሣ። የእሱንም አታንሣ። የብሎኩን ቁጥርም አትጻፍ። ልደታ በል፤ ልደታ ሰፊ ነው።»