በር የሌለው ዘበኛ

በአዲስ አበባ የቆርቆሮ በሮች ላይ አዘውትረው ከሚነበቡት ጽሑፎች አንዱ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ነው። ጽሑፉ ኖሮ ውሻው የሌለበት ቤት አለ፤ ውሻው ኖሮ ጽሑፉ የሌለበትም አለ። ያም ሆነ ይህ ብዙዎቻችን ውሻን ያወቅነው በዚህ መልክ ነው፤ ከቆርቆሮ ጀርባ የሚመጣ ድምፅ ሆኖ። ተረታችንም ከደጅ አያርቀውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንል ቦታውንም ሥራውንም ቆርጠን መስጠታችን ነው። ለውሻ የነበሩን ግሦች ቢቆጠሩ ማሰር፣ መፍታት፣ ማባረር ናቸው። «ውሻ ማንሸራሸር» የሚለው አነጋገር ለጆሯችን ገና እንግዳ ነው፤ መንሸራሸር የሰው፣ ያውም ጊዜ የተረፈው ሰው ነበርና።

እኔ ግን ከባንክ ሥራዬ መልስ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ውሻ ይዤ ከቀበና ድልድይ ተነሥቼ በግንፍሌ በኩል እስከ አራት ኪሎ ድረስ መሄድ ከጀመርሁ ሰነበትሁ። የ1933ቱን ድል ከሚዘክረው የሚያዝያ 27 ሐውልት ስንደርስ እንመለሳለን። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የሰፋው የእግረኛ መንገድ አመሻሹ ላይ ሰው ይጎርፍበታል። ደብተሩን ያቀፈ ተማሪ፣ ስኒከር አጥልቆ ለጤናው የሚራመድ ጡረተኛ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ሹክ የሚባባሉ ወጣቶች፣ መብራቱን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ የሚነሡ እህትማማቾች፣ በብስክሌቱ መስመር ላይ ገና ሚዛን የሚለማመድ ሕፃንና ከኋላው እየሮጠ «ወደ ፊት እይ!» የሚል አባት፤ ሁሉም በአንድ ንጣፍ ላይ ነው። ቀድሞ በዚህ ሰዓት ከአስፋልቱ ዳር ጭቃና ጉድጓድ እየዘለልን ወደ ቤታችን እንሸሽ ነበር። አሁን ሰው ለመሄድ ብቻ ይሄዳል።

ውሻው መጀመሪያ የእኔ አልነበረም። የጎረቤቴ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት ነበር። ቤታቸው ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ስለነበረ መንገዱ ሲሰፋ ተነሣ፤ እርሳቸውም ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ዕቃው በተጫነ ዕለት ሰንሰለቱን በእጄ አስያዙኝና «ልጄ፣ ውሻ ፎቅ ላይ ምን ይጠብቃል? ደጅ የለ፣ አጥር የለ» አሉኝ። ስድስት ዓመት የደጃቸው ዘብ የነበረው ውሻ እንዲህ ሆኖ ወደ እኔ መጣ። ስሙ አይዞን ነው። ስሙን ያወጡለት ባለቤታቸው ባረፉበት ዓመት ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ነገር አይዞን የሰው ፊት እንደማያይ ነው። ዓይኑ ከጫማ አይነሣም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይህ ፍጡር ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ያወቀው በቆርቆሮው በርና በመሬቱ መካከል ባለችው የአንድ ጋት ክፍተት ነበር። ለእርሱ ሰው ማለት የሚያልፍ ጫማ፣ የሚንሸራተት ጥላ ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰውን የማየው ከደረቱ በላይ፣ በመስታወት በኩል ነው፤ የደንበኛዬን ፊርማና መታወቂያ አውቃለሁ፣ በምን ጫማ እንደ መጣ ግን አላውቅም። ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ሰው ስናይ ኖረን፣ ማታ ማታ ሙሉውን ለማየት እንወጣለን ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መንገዱ ታዲያ እንዲህ በቀላሉ አልተቀበለንም። ጥያቄው ብዙ ነው። «ይናከሳል?» ይላል አንዱ። «ዘሩ ምንድን ነው?» ይላል ሌላው። «የሐበሻ ውሻ ነው» ስለው ቅር ይለዋል፤ በገመድ ተይዞ የሚሄድ ውሻ የፈረንጅ መሆን ያለበት ይመስለዋልና። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እናት ነጠላዋን ትሰበስባለች፤ ወደ መስጊድ የሚጣደፈውም ልብሱን ይሰበስባል። እኔም ገመዱን አሳጥሬ ውሻውን ወደ ግንቡ ጥግ አዞረዋለሁ። ለጽዳቱ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣ ከኪሴ አይጠፋም።

የሚፈራውን ሰው «ምን ያስፈራሃል?» ማለት አይገባም። ፍርሃቱ ሥር አለው። በዚህ ከተማ «ፓስተር» የሚለው ስም ለታላላቆቻችን የሰፈር ስም ብቻ አይደለም። ውሻ የነከሰው ልጅ ወደዚያ እየተወሰደ ለተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ የሚወጋበት ስፍራ ነበር። ስሙ የመጣው በ1885 እ.ኤ.አ. ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ማይስተርን፣ በክትባት ካዳነው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥ የለም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ከዚያ በፊት ነው፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መከተብ። አይዞንን በየዓመቱ የማስከትበው፣ ሲጠይቁኝም «ተከትቧል» ብዬ ጮክ ብዬ የምመልሰው ለዚህ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

ስሙ ግን ብዙ ረድቶናል። አንድ ሕፃን ደንግጦ የእናቱን ቀሚስ ሲጨብጥ እኔ ውሻዬን ለማቆም «አይዞን!» እላለሁ። ውሻው ይቆማል፤ ሕፃኑም ለእርሱ የተባለ መስሎት እጁን ያላላል። እናቲቱ ደግሞ «አይዞን በለው እንጂ!» ብላ ትስቃለች። በአንድ ቃል ሦስት ሰው ሲረጋጋ ያየሁት በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ውሻውን አራተኛ አድርጌ ካልቆጠርሁት።

ከድልድዩ ትንሽ ከፍ እንዳልን ግን አይዞን የማይሰማኝ አንድ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጀርባውን ለግንቡ፣ ፊቱን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ንጣፉ ላይ ቁጭ ይላል። አይጮኽም። ሰው በግራና በቀኝ እየተከፈለ ያልፋል፤ «አሞት ነው?» የሚልም፣ «መንገድ ዘጋችሁ እኮ!» ብሎ የሚቆጣም አለ። ልጎትተው እችል ነበር፤ አልጎትተውም። በልቡ የያዘውን ተራ እስኪጨርስ እቆማለሁ፤ ከዚያ ራሱ ተነሥቶ ይቀጥላል። አንድ ቀን ደንበኛ ባነሰበት ሰዓት በገቢ ማድረጊያ ወረቀት ጀርባ ይህችን ጫርሁ፦

ቤቱ ቢፈርስ እንኳ በሩ ቢነቃቀል፣
ጠባቂ ልብ አለ ከሥሩ የማይነቀል።
ሺህ እግር ያልፍበታል ባነጠፉት መንገድ፣
እሱ ግን ይሰማል የጥንቱን ቤት ሲናድ።
አትቆጣው ወንድሜ መንገድ ዘጋህ ብለህ፣
ደጁን ነው የያዘው፤ እግረኛው አንተ ነህ።

እትዬ አልፎ አልፎ ይደውላሉ። መጀመሪያ የጠየቁኝን አልረሳውም።

«ይበላል?»

«ደኅና ይበላል።»

«ይጮኻል?»

«አይጮኽም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ምን ይሠራል?»

«ይሄዳል» አልኋቸው።

ረጅም ዝም ካሉ በኋላ «ውሻ ደግሞ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ሳቁ። የሳቃቸው መጨረሻ ግን ሳቅ አልመሰለኝም።

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ ሰፈር መጥተው ነበር። ሲመሽ ልሸኛቸው አብረን ወጣን፤ አይዞንም ተከተለን። ሲያገኛቸው የሆነውን መተረክ አያስፈልግም፤ ውሻ ያለው ያውቀዋል። በመንገዱ ላይ ግን እትዬ ግራ ገባቸው። ስድስቱን ዓመት ብቻ ሳይሆን ሠላሳውን ዓመት የኖሩበትን ደጅ የት እንደነበረ መለየት አቃታቸው። የድሮው ምሰሶ የለም፤ የጎረቤት ሱቅ የለም። «እዚህ ጋ ይመስለኛል… የለም፣ ከፍ ይላል» እያሉ በንጣፉ ላይ ወዲያና ወዲህ አሉ። በዚህ መካከል አይዞን ሄዶ ከዘወትር ቦታው ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ለግንቡ፣ ፊቱን ለአስፋልቱ ሰጥቶ። እትዬ አዩት፤ ወደ እርሱ ሄደው ከአጠገቡ ቆሙ፤ ማዶውን ተመለከቱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ ልክ ነው» አሉ። «ማዶውን እንዲህ ነበር የማየው።»

አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «በል ተነሥ፤ ሰው ሲያልፍ መንገድ አይዘጋም» አሉት። በአንድ ቃል ተነሣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ገመዱን እስቲ ስጠኝ» አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ውሻቸውን ይዘው ከበር ወጥተው አያውቁም ነበር። ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ጀማሪ እየተጠነቀቁ፣ ወደ ግንፍሌ አቅጣጫ ቀደሙኝ።

ጥቂት እንደ ሄድን አንዲት ልጅ ከወንድሟ ጀርባ ተሸሽጋ «እማማ፣ ይናከሳል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ዱሮ ይናከስ ነበር፣ ልጄ» አሏት። «አሁን ምን በር አለንና!»

ልጅቷ ነገሩ አልገባትም፤ ቢሆንም ቀረብ ብላ አንገቱን ዳሰሰችው። እኛም እስከ ታክሲው ተራ ድረስ ቀስ እያልን ሄድን።