ትንሽ ዕቃ ለትልቅ አደራ

በቀድሞው ዘመን በብዙ ክርስቲያን ቤት የልጆች የልደትና የክርስትና ቀን በዳዊቱ ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ፎቶግራፍ ከተለመደ በኋላም የቤተ ሰቡ ሥዕል በአልበም ተሰብስቦ በሣጥን ይቀመጥና ዘመድ ሲመጣ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ ልጅ በ80 ቀኗ የተጠመቁበት ዕለት ፎቶግራፍ፣ የሙሽሮች ሥርዐተ ተክሊል፣ የአያትም ምርቃት ከነድምፁ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ካርድ ውስጥ ይገኛል። ዳዊቱንም አልበሙንም ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃ ነበር፤ ካርዱ ግን የሚያነብልን ዕቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ካርድ ሪደር ተብላ ስለምትጠራው ትንሽ ዕቃ አመራረጥና አያያዝ ጥቂት ቃል መጻፍ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የማይጠቅም አይመስለኝም።

ካርድ ሪደር በአንድ ወገን ካርዱ የሚገባበት ቀዳዳ፣ በሌላው ወገን ከኮምፒዩተር የሚገናኝ ዩኤስቢ የሚባል መሰኪያ አላት። በራስዋ የምታስቀምጠው ነገር የለም፤ ሥራዋ የአስተርጓሚ ሥራ ነው። ካርዱ የያዘውን ተቀብላ ኮምፒዩተሩ በሚገባው ቋንቋ ታቀርባለች። አስተርጓሚ ያልተማረውን ቋንቋ ሊተረጕም እንደማይችል ሁሉ፣ የቆየች ማንበቢያም ከእርስዋ በኋላ የወጣውን የካርድ ዓይነት አታውቀውም። የብዙ ቤተ ሰብ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ኤስዲ የሚባለው ካርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ተዋወቀ፤ የመጀመሪያው ዓይነት የሚይዘው እስከ 2 ጊጋባይት ነበር። በ2006 ዓ.ም. ኤስዲኤችሲ የሚባለው እስከ 32 ጊጋባይት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኤስዲኤክስሲ የሚባለው እስከ 2 ቴራባይት የሚይዝ ሆኖ ወጣ። እነዚህ ሁሉ በመልክና በመጠን አንድ ስለ ሆኑ ካርዱ በቀዳዳው መግባቱ ብቻ ይነበባል ማለት አይደለም። አዲሱ ማንበቢያ የቀድሞውን ካርድ ያነባል፤ የቀድሞው ግን አዲሱን ላያነብ ይችላል።

ይህን ነገር በሰፈራችን በሚኖሩ በአንዲት እናት ቤት አይቼዋለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ፣ በትንሣኤ ዕለት ልጆቻቸውን ሲመርቁ የተቀረጸው ድምፅና ምስል ከሟቹ ስልክ በወጣች 16 ጊጋባይት በምትይዝ ካርድ ውስጥ ነበረ። የምርቃቱ ሌላ ቅጂ አልነበረም። ካርዷን በቤቱ በነበረችው ማንበቢያ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያገናኟት፣ ካርዱ ከመነበቡ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት የሚል ጥያቄ ብቅ አለ። ትልቁ ልጅ ጣቱን አዘጋጅቶ፣ «ጋሼ፣ እሺ ልበለው?» ሲል ጠየቀኝ። «ቈይ ልጄ፣ እጅህን አንሣ፤ መጀመሪያ ማንበቢያዋን እንመርምር» አልሁት። ፎርማት ማድረግ ካርዱን እንደ አዲስ ማሰናዳት ነውና፣ እሺ ቢል ኖሮ የአባቱ ምርቃት ያለበት መዝገብ በገዛ እጁ ይፋቅ ነበር። ማንበቢያዋ ከብዙ ዓመት በፊት ከአሮጌ ካሜራ ጋር የተገዛች፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለውን ካርድ የማታውቅ ነበረች። በማግሥቱ ልጁ ዋጋዋ አነስተኛ የሆነ አዲስ ማንበቢያ ገዝቶ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካት ምስሉ ሁሉ ወጣ። እናቲቱ የባለቤታቸውን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ፤ ልጆቹም ምርቃቱ ሲያልቅ እንደ ዱሮው አንድ ላይ «አሜን» አሉ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጥሩ ማንበቢያ ማለት ውድ ማንበቢያ ማለት አለመሆኑን ነው። ገዢ በመጀመሪያ በማሸጊያው ላይ ኤስዲኤክስሲ የሚለው ስም መኖሩን፣ ለትልቁም ለትንሹም ካርድ ቀዳዳ መኖሩን ይመልከት። ቀጥሎም መሰኪያው ከቤቱ ኮምፒዩተር ጋር የሚስማማ መሆኑን ያረጋግጥ፤ የቀድሞው መሰኪያ ሰፊ ሲሆን፣ ታይፕ ሲ የሚባለው አዲሱ ትንሽና ጠርዙ የተድቦለቦለ ነው። ፍጥነትን በተመለከተ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በተግባር በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ ስለዚህ 16 ጊጋባይት የሞላ ካርድ ለመገልበጥ 9 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚጠቀም ቤተ ሰብ ይህ የሚያስቸግር አይደለም። ሠርግ እያነሣ የሚተዳደር ሰው ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣውን ዩኤስቢ 3.0 ቢገዛ ጊዜውን ያተርፋል። በመጨረሻም ካርዱ ሳይወዛወዝና ሳይታገል የሚገባ መሆኑን በሱቁ ውስጥ መሞከር ይገባል፤ ሙከራውም ምንም በሌለበት ካርድ ይሁን እንጂ የቤተ ሰቡ አደራ ባለበት አይሁን።

አያያዙም እንደ አመራረጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትልቁ ካርድ ጎን፣ ትንሹም በሚገባበት ማቀፊያ ጎን፣ ወደ ታች የምትንሸራተት መቈለፊያ አለች። እርስዋ ስትወርድ ማንበቢያው ምልክቷን አይቶ በካርዱ ላይ መጻፍንና ማጥፋትን ይከለክላል፤ ፎቶግራፍ ለማሳተም ወደ ሰው ኮምፒዩተር ስንወስደው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። መገልበጡ ሳይፈጸም ካርዱን መንቀል ፋይሉን ያበላሻል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን? ካርዱ ከመነቀሉ በፊት ኮምፒዩተሩን ማሰናበት፣ የተገለበጠውንም ከፍቶ ሳያዩ ከካርዱ አለማጥፋት ይገባል። ፎርማት ላድርግ የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ እንቢ ይሁን፤ በሌላ ማንበቢያና በሌላ ኮምፒዩተር ይሞከር። ያም ካልሆነ በካርዱ ላይ አንዳች አዲስ ነገር ሳይጽፉ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ማንበቢያዋ የቱንም ያህል መልካም ብትሆን፣ ካርድ የዘላለም መዝገብ አይደለም፤ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ያረጃልም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚወደውን ምስል በሁለት ቦታ ቢያስቀምጥ፣ ከሁሉም የበለጡትን ጥቂቶች አሳትሞ በጀርባቸው የሰዎቹን ስምና ቀኑን ቢጽፍ፣ የአባቶችን የዳዊት ቅጠል ልማድ በአዲስ መንገድ ጠበቀ ማለት ነው። ወጣቶችም ይህን ሥራ ለወላጆቻቸው በትዕግሥት ይሥሩላቸው። እናት ያንኑ ፎቶግራፍ ደግማ ደጋግማ አሳዩኝ ብትል ልጅ ሊሰለች አይገባውም፤ እርስዋ የምትፈልገው የምትወደውን ሰው ፊት ነውና። ለማንበቢያው የምናወጣው ገንዘብ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ጥንቃቄያችን ግን እንደ አደራው ክብደት ይሁን። የተሰጠንን አደራ ለልጆቻችን ጠብቀን እናስረክብ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።