ኳሷ ሌላ ጋ ስትሆን

1.
ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው። ኳስ ውጪ የወጣችበትን፣ ቅጣት ምት የተጠበቀበትን፣ ተጫዋች የወደቀበትን ቀንሱ። ኳሷ በእርግጥ የምትንቀሳቀስበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 60 ደቂቃ አይሞላም። ለ22 ተጫዋች አካፍሉት። ለአንዱ 3 ደቂቃ አይደርሰውም።

ዛሬ ጠዋት ያየሁት ልምምድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ልጆቹ ኳስ አንቀረቀቡ፣ በኮን መሃል ነዱ፣ ወደ ጎል መቱ። ኳስ ያልደረሰው ተራ ይጠብቃል። ተራ ሲጠብቅ ምን ማየት እንዳለበት የነገረው የለም።

2.
የምልመላ ቀን። ከመቶ በላይ ልጅ መጥቷል። አሠልጣኙን ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። «ጭንቅላት» አለኝ፣ ግንባሩን በጣቱ እየነካ። «እግር በኋላም ይሠራል።»

የያዘውን ቅጽ አየሁት። ቁመት፣ ፍጥነት፣ ኳስ ቁጥጥር፣ ምት። ሌላ የሚሞላ ነገር የለውም።

አብዶ የሠሩት ተመረጡ። መሃል ሆኖ ጓደኞቹን በእጁ እያመለከተ ቦታ ሲያስይዝ የነበረው ቀጭን ልጅ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ተከትዬው ስሙን ጠየቅኩትና ጻፍኩት።

3.
ከአጥሩ ጥግ አንድ አባት ይጮኻሉ። «ዓይንህን ከኳሷ አትንቀል!» ልጁ አልነቀለም። ከጀርባው የመጣውን ተከላካይ ያየው ከወደቀ በኋላ ነው።

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮችን በቪዲዮ አጥንቷል። የተከታተለው እግራቸውን ሳይሆን የጭንቅላታቸውን እንቅስቃሴ ነው። ኳስ ሳትደርሳቸው ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙት፣ ቅብብላቸው የተሻለ ሆኖ አገኘው። የባርሴሎናው ዣቪም በዚሁ ልማዱ ይታወቅ ነበር።

በሳምንቱ አባትየው እዚያው ጥግ ነበሩ። ጩኸቱም ያው ነበር።

4.
ሃያ ወንዶች፣ አንዲት ሴት። አሠልጣኙ «እኛ ጋ ወንድና ሴት የለም» ይላል። ጥሩ ቦታ እየያዘች እጇን ስታነሳ ቆጠርኩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ 14 ጊዜ። ኳስ የደረሳት ሁለቴ ነው።

በዕረፍት ሰዓት ወንዶቹን ስለ ሎዛ አበራ ጠየቅኳቸው። ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ እንደተጫወተች ሳይቀር ነገሩኝ። እየተሻሙ።

5.
ከጠዋቱ 12፡30። «ቁርስ ያልበላ አለ?» ተባለ። አንድም እጅ አልወጣም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይዘዋል። አንዱን ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። «አልበላሁም ካልኩ ወደ ቤት ይመልሱኛል» አለኝ።

ታኬታው አዲስ ነው። እናቱ ዕቁብ ሲደርሳት የገዛችለት። ሰፈሩ ሁሉ አይቶለታል።

6.
ግድግዳው ላይ በትልቁ «ከሁሉ በፊት ሥነ ምግባር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ አንድ ልጅ ቆሞ የልደቱን ዓመት ያጠናል። አዲሱን። አንድ ትልቅ ሰው ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልሳል። ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴ ታረመ። በሦስተኛው «ጎበዝ!» ተባለ።

ፊፋ ዕድሜ ለማጣራት ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

ልጁ ታናሽ ወንድም አለው። በወረቀት ላይ አሁን የሚበልጠው በሁለት ወር ነው።

7.
«ትምህርታችሁን እንዳትተዉ።» ይህን ሳይናገር ልምምድ የሚዘጋ አሠልጣኝ አላውቅም። የልምምዱ ፕሮግራም በር ላይ ተለጥፏል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

8.
በአገራችን የኳስ ሜዳ፣ ለተጎዳ ተጫዋች ሮጦ የሚገባው ሰው ወጌሻ ይባላል። ስሙ በየሰፈሩ ስብራትና ወለምታ ከሚያሹት የተወረሰ ነው። ከልምምዱ ሜዳ ዳር ግን ያም የለም፤ ይህም የለም። በጀሪካን ውኃ አለ።

ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ «ምንም አልሆንኩም» አለ። «ጀግና!» ተባለና ተጨበጨበለት። ጨዋታውን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ሳምንት ስሙ ሲጠራ «አሞታል» የሚለው ጓደኛው ነበር።

9.
ሰፈር ውስጥ በረኛ የሚሆነው ኳስ የማይችለው ነው። ወዶ የሚቆም የለም። በታዳጊ ቡድንም ልጆች ሲደለደሉ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከናይጄሪያ ጋር እየተጫወተች ነው። ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪ አልቋል። አማካዩ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ መረቡ ፊት ቆመ። ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚመታው ቪክተር ሞሰስ ነው። ገባ።

እያንዳንዱን ልጅ በየቦታው፣ በረኛም አድርጎ የሚያለማምድ አሠልጣኝ ስፈልግ ቆየሁ። አንድ አግኝቻለሁ።

10.
ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበር ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ። ኳሱ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም።

ትናንት ከ15 ዓመት በታች የሆኑትን ልጆች በዚህ ዓመት ስንት ቢጫ እንዳዩ ጠየቅኳቸው። ስንት ጎል እንዳገቡ ነገሩኝ።

11.
«ዳኛ ይከበራል» ብሎ ያስገባቸው አሠልጣኝ በ20ኛው ደቂቃ ዳኛውን ሰደበ። በ30ኛው ደቂቃ አምበሉ ሰደበ። የተቀጣው አምበሉ ነው።

12.
ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ይህን የማይናገር የለም። ሁለት ጊዜ ተመርታ እንደነበር፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 ያደረገው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር እንደነበር የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የታዳጊዎች ጨዋታ 60 ደቂቃ ነበር። በ5ኛው ደቂቃ ጎል ገባ። ከመስመሩ ዳር «በቃ፣ አለቀ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የልጅ ድምፅ አልነበረም።

13.
ያ አንዱ አሠልጣኝ። ተቀይሮ የወጣ ልጅ እንባውን በማሊያው እየጠረገ መጣ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

አሠልጣኙ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጠጠር ለቀመ። አራቱን ለተከላካይ፣ ሦስቱን ለአማካይ ደረደረ። አንዷን ገፋ አደረጋት። «ኳሷ እዚህ ጋ ስትሆን አንተ የት ነበርክ?»

ልጁ በጣቱ አሳየ። ያሳየውን ቦታ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ የራሱን ጠጠር አንስቶ ሌላ ቦታ አስቀመጣት።

በሰዓቴ ይዤው ነበር። አራት ደቂቃ።