እስከ ገና ሃያ ዘጠኝ ፖስታ

“አኮ፣ ገና ስንት ቀን ቀረው?”

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሙሉ ይህ ጥያቄ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከመኝታ በፊት ይቀርብልኝ ነበር። ጠያቂው ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው የልጅ ልጄ ነው። “አኮ” በእኛ በወለጋ ሴት አያት ማለት ነው። እናቱ ለሥራ አረብ አገር ሄዳለች። አባቱ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ ደምቢ ዶሎ መምህር ነው። ትንሹ ነቀምቴ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ሆኖ አንደኛ ክፍል ይማራል። ስለዚህ “ገና ስንት ቀን ቀረው?” ሲለኝ “አባቴ መቼ ነው የሚመጣው?” ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ያየሁት በወጣትነቴ ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ለጥቂት ጊዜ አይራ ነበርኩ። አይራ በምዕራብ ወለጋ የጀርመን ሚሲዮናውያን ከቆዩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። አንዲት ጀርመናዊት ባልደረባችን ከእነሱ ገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች ጠረጴዛዋ ላይ አራት ሻማ ታስቀምጥና በየሳምንቱ አንድ እየጨመረች ታበራ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃት ታሪኩን አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ1839 ሐምቡርግ ውስጥ ችግረኛ ልጆችን ያሳድግ የነበረ ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የሚባል የሃይማኖት ሰው ነበር። ልጆቹ “ገና መቼ ነው?” እያሉ ቢያስቸግሩት፣ በአሮጌ የጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደርድሮ በየቀኑ አንድ እንዲለኮስ አደረገ። ሌሎች የጀርመን ቤተሰቦችም በበራቸው ላይ 24 መስመር በጠመኔ ያሰምሩና ልጆች በየቀኑ አንዱን ያጠፉ ነበር። ኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጌርሃርድ ላንግ የተባለ የሙኒክ አሳታሚ ይህንኑ በወረቀት እያተመ ሸጠው። ያኔ ሰምቼ አለፍኩት። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ግን የልጅ ልጄ ሲነዘንዘኝ ትዝ አለኝ።

መቁጠርስ ለእኛም አዲስ አይደለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ እናቴ ቀኑን በቃሏ ትቆጥር ነበር። ቅቤው በስንተኛው ቀን እንደሚነጠር፣ ጌሾው መቼ እንደሚወቀጥ፣ ጠላው መቼ እንደሚጠነሰስ ሁሉ በጭንቅላቷ ነበር። ልጅ ግን በቃል የሚቆጠረውን ቀን አያየውም። የሚነካው ነገር ይፈልጋል።

ስለዚህ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሄጄ ሠላሳ የሚሆን ባዶ የኪኒን ፖስታ ለመንኩ። ሰጠኝ። በእያንዳንዱ ላይ ከታኅሣሥ 1 እስከ 29 ቁጥር ጻፍኩበት፤ ውስጡ የዕለቱን ሥራ የሚናገር ብጣሽ ወረቀት አኖርኩ። ከሳሎኑ መስኮት እስከ ጓዳው በር ሲባጎ ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። ባለቤቴ አይቶ “ጡረታ ወጥተሽም መድኃኒት ታድያለሽ?” ብሎ ሳቀብኝ። እኔም በመጀመሪያው ፖስታ ላይ “በቀን አንድ ብቻ፣ ከትምህርት ቤት መልስ” ብዬ ጻፍኩበት።

ይህን ሳደርግ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። 2012 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሲባጎውን ስታይ ነው የነገረችኝ። 29 ቁጥርን ባዶውን አስቀረሁት።

በፖስታዎቹ ውስጥ ምን ነበረ? ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እምብዛም የለበትም። ታኅሣሥ 1 “ከአያትህ ጋር የቂሌ ዱላ ፈልግ” የሚል ነበር። በአማርኛ የገና ጨዋታ የሚባለውን እኛ ቂሌ እንለዋለን፤ በዓሉም በጨዋታው ተጠርቶ በኦሮምኛ “አያና ቂሌ” ይባላል። ባለቤቴ ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ልጣጩን ልጦ፣ ልጁ እጅ ልክ አደረገለት። ኳሷን ከአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለን ሰፋን። በሌላ ቀን “እታች ቤት ላሉት እማማ አንድ ጀሪካን ውሃ አድርስ” የሚል ወጣ። አምስት ሊትር የምትይዘዋን ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አደረሰ፤ ቆሎ ተመርቆለት ተመለሰ። አንድ ቀን ከጓሮ ቡና ለቀማ ነበር፤ ታኅሣሥ በእኛ አገር ቡናው የሚቀላበት ጊዜ ነው። አንድ ምሽት እንቆቅልሽ ነበር፤ እኔ በአማርኛ፣ ባለቤቴ በኦሮምኛ “ሂቦ” እያልን ተራ በተራ ጠየቅነው። ሁለታችንንም ረታን።

አንጮቴ የሚቀቀልበትም ቀን ነበረው። ጾም ስለሆነ ያለ ቅቤ ነው። ልጁ ትኩስ ልጣጩን እየላጠ ሳለ አገሬው አንጮቴን አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ለምን እንደሚሰጥ ነገርኩት፤ በውስጡ ካልሲየም በብዛት እንዳለውም ጨመርኩለት። ያለፈ ዓመት ጫማውን አጥቦ ለጎረቤት ልጅ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ኑግ ተቆልቶ የሚወቀጥበት ቀን ነበር። ነጠላዬን የሚያጥብበት ቀንም ነበር፤ እሱ ካጠበው በኋላ እኔ ተደብቄ ደግሜ አጥቤዋለሁ።

ቤታችን የተቀላቀለ ነው፤ እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ የመካነ ኢየሱስ። ስለዚህ በአንዱ ምሽት የልደቱን ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ አነበብንለት። ባለቤቴ ያነበበው ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ የደረሰ ሰው ነበር። በአስቴር ጋኖ ታላቅ እገዛ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሞ፣ ወደ ነቀምቴ መጥቶ ሲያስተምር ኖሮ እዚሁ አረፈ። ልጁ “እዚህ እኛ ከተማ?” ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። በትምህርት ቤት የሰማው ስም የሰፈሩ ሰው ሆነለት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ጥፋቱ ያለው በ27ኛው ፖስታ ውስጥ ነው።

በ27ኛው ላይ “ዛሬ አባትህ ይመጣል። መናኸሪያ ሄደን እንቀበለዋለን” ብዬ ጽፌ ነበር። ልጄ በኅዳር ሲደውል “እመጣለሁ” ብሎኛል። እኔም የእሱን ቃል አምኜ ወረቀት ላይ አሠፈርኩት። ታኅሣሥ 24 አካባቢ ግን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክ ተቋረጠ። እኛ ዘንድ ነቀምቴ ኢንተርኔት ጠፋ። የአባቱ ስልክ አይጠራም፤ እናቱም በየሳምንቱ በቪዲዮ የምትታይበት መስኮት ተዘጋ። እኔ ያን ፖስታ ከሲባጎው ላይ አውርጄ ሌላ ወረቀት ልተካበት ስችል አልተካሁም። “ስልክ ባይሠራም መንገዱን ጀምሮ ይሆናል” እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በ27 ከሰዓት ፖስታውን ከፈተ። ሲያነበው ፊቱ ምን እንደመሰለ ልጽፈው አልችልም። ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ የቂሌ ዱላውን ይዞ መናኸሪያ ሄድን። እስኪመሽ ቆምን። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር እጄን ጥብቅ ያደርግና ሰው ወርዶ ሲያልቅ ያላላዋል። እኔ ጣቶቹን ነበር የምቆጥረው ብል ይቀለኛል፤ በር በሩን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ስንመለስ ብርዱ ገብቶ ነበር። መንገድ ላይ “አኮ፣ ፖስታው ተሳስቷል?” አለኝ።

በዚያች ቅጽበት ያስታወስኩት አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ መርፌ ልወጋት “አያምም፣ ምንም አይልሽም” አልኳት። ወጋኋት። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና “ዋሸሽኝ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላስነካ አለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቷ ጎትታ ነው ያመጣቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለልጅ “አያምም” ብዬ አላውቅም። “ትንሽ ታማለች፣ እስከ አምስት ስንቆጥር ታልፋለች” ነው የምለው። አብረን እንቆጥራለን፣ ያልፋል። ልጅ ሕመሙን ይችለዋል፤ መታለሉን ግን አይረሳም። ይህን በሥራ ቤት ተምሬ በቤቴ ረሳሁት።

ስለዚህ እጁን እንደያዝኩ “ፖስታው አልተሳሳተም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ጻፍኩ። ይቅርታ አድርግልኝ” አልኩት። እኛ ባደግንበት ቤት ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም። እኔም ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ተናነቀኝ። እሱ ትንሽ ዝም አለና “ታዲያ አባቴ ደህና ነው?” አለ። አሁንም “አዎ” ማለት ቀላል ነበር። “አላውቅም፤ ስልክ ስለጠፋ አላውቅም። እንደተሠራ መጀመሪያ የምንደውለው ለእሱ ነው” አልኩት። ቤት ስንደርስ በላ። ተኛም። ያልተኛሁት እኔ ነኝ።

በገና ማለዳ 28ኛውን ፖስታ ሊከፍት አልፈለገም። አልገፋፋሁትም። ባለቤቴ ወደ ሜዳ ይዞት ሄዶ ከሰፈር ልጆች ጋር ቂሌ ሲጫወት ዋለ፤ ጉልበቱ ተልጦ መጣ። ቁስሉን ሳጥብለት በራሱ ጊዜ “ባዶውን ስጪኝ” አለኝ። 29 ቁጥርን ማለቱ ነው። ዱላውን ይዞ የቆመ ልጅና አንድ አውቶቡስ ሥሎ፣ አጣጥፎ ከተተበትና በምራቁ አሸገው። “የአባ ነው” ብሎ ሲባጎው ላይ መልሶ ሰቀለው።

ስልክ የተመለሰው መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነው። ልጄ ደህና ነበር። “በበዓሉ ማግስት ልጄ ምን አለ?” ብሎ ነው የጀመረው። ወዲያው ደግሞ የኮሮና ነገር መጣና መንገዱ እንደገና ራቀ። ያቺ ፖስታ እስከ ክረምት ድረስ ሲባጎው ላይ ብቻዋን ተንጠልጥላ ኖረች። አባትየው መጥቶ ሲከፍታት ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቆጥረናል። ልሞክረው ለምትሉ ወላጆችና አያቶች ከስሕተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ፖስታ ውስጥ በራሳችሁ እጅ ያለውን ብቻ ክተቱ። ሰው መምጣቱን፣ ስልክ መደወሉን፣ ዕቃ መላኩን አትጻፉ። የሚመጣ ሰው ካለ ሳይጻፍ ይምጣ፤ ደስታው አይቀንስም። ሁለተኛ፣ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ቀን ጽፋችሁ አትጨርሱ። ባዶ ፖስታ ሰቅላችሁ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ሙሉ። ልጅ ሊያመው፣ ለቅሶ ሊመጣ፣ ውሃ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ሥራው ይቀየራል። ሦስተኛ፣ ከሦስቱ አንዱ ለሌላ ሰው የሚደረግ ነገር ይሁን። ልጆች ከረሜላውን ረስተውት የእማማን ውሃ ነው የሚያስታውሱት። አራተኛ፣ የምትጾሙ ከሆነ ልጁ ቤት ውስጥ ያለውን ጾም የሚያፈርስ ነገር አትክተቱ፤ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ብርቱካን ይበቃል። አምስተኛ፣ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ ተዉት። እንደ መድኃኒት “ግድ ውሰድ” አይባልም።

የልጅ ልጄ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ፖስታ መክፈት እንደ ልጅነት አድርጎ ስለሚያየው አይከፍትም፤ ለታናሽ የአጎቱ ልጆች የሚጽፈው ግን እሱ ነው። ባለፈው ኅዳር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቡና እያፈላሁ ትንሿ ልጅ “እናቴ በገና ትመጣለች ብለህ ጻፍልኝ” ስትለው ሰማሁ። እናቷ አዲስ አበባ ናት፤ የምትመጣም ይመስለኛል። እሱ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ “እሱን እኛ አንጽፈውም። ለእሷ የምትሰጪውን ግን መጻፍ እንችላለን። ምን ትሰጫታለሽ?” አላት።

ልጅቷ አሰበችና “አንጮቴ” አለች።

ጻፈላት።