ከመራዊ እስከ ግሽ ዓባይ ከልጅ ልጄ ጋር

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዛችሁ መራዊን ታገኛላችሁ። አብዛኛው መንገደኛ ለሻይ እንኳ አይወርድባትም። እኔ ግን በ1976 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ በአካባቢዋ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ስመደብ የ24 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የወጣትነቴን ጥሩ ዓመታትም እዚያው ጨረስኩ። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ለእሷ የዓባይን ምንጭ ላሳያት ቃል ገብቼላት ነበር። እኔ ደግሞ ላያት የምፈልጋት ሰው ነበረችኝ።

መርዓዊ በግዕዝ ሙሽራ ማለት ነው። አካባቢው ሜጫ ይባላል፤ ይህ ስም ደግሞ ከሜጫ ኦሮሞ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ደቡብ ትንሽ ራቅ ስትሉ የአዊ አገር ይጀምርና በገበያው አውኚ ትሰማላችሁ። የጎጃም ሰው ሁሉ ከአንድ ግንድ የወጣ ይመስለው ለነበረ የከተማ ልጅ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ለእኔም በጊዜው ሆኖኛል።

የሜጫ አፈር ቀይ ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዙ ዘመን ዝናብ የተፈጨ፣ በክረምት እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ፣ በበጋ ደቆ የሚበን አፈር። በቆሎው፣ ዳጉሳው፣ ጤፉ ከዚህ ይበቅላል። ለባሕር ዛፍም ይስማማዋል፤ እኔ የማውቀው የእህል ማሳ ዛሬ ባሕር ዛፍ ሆኖ ሳየው ቅር ብሎኛል፣ ግን አጣና ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰውን ገበሬ ምን ብዬ እወቅሰዋለሁ?

ከከተማዋ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ። በእኔ ጊዜ ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ የሚገባ ወንዝ ብቻ ነበር። ዛሬ ውኃው ተይዞ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ያጠጣል፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶም ሳይቀር ይበቅልበታል። ልጅቷ በቦዮቹ ላይ መዝለል ወደደች። እኔ ግን የጤና ሰው ዓይን አይተኛምና፣ ውኃ የሚያጠጡትን ሰዎች እግር አይ ነበር። ድሮ ጭቃው የክረምት ብቻ ነበር፤ አሁን በበጋም አለ። ግማሾቹ ቦት ጫማ አድርገዋል፣ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው።

እግር የማየቴ ምክንያት እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጇን ይዛልኝ መጣች። የልጅቷ ቀኝ እግር ከቁርጭምጭሚቷ በታች አብጧል፣ ጣቶቿ ደንድነዋል። ታጭታ ነበር፤ የሙሽራው ወገኖች እግሯን ካዩ በኋላ ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አፈረሱ። በሰፈሩ የሞተ እባብ ረግጣ ነው የሚልም፣ ዘራቸው ነው የሚልም ነበር። እናትየው «ሲስተር፣ ይለቃት ይሆን?» አለችኝ። እኔም ከዘር የመጣ ነው፣ ምንም አይደረግለትም ብዬ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሲወጡ እናትየው ጫማዬን አየችው። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ከአንድ በላይ መንስኤ አለው። ቆላ ላይ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ያመጣዋል። ደጋና ወይና ደጋ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአፈሩ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በአገራችን ባደረገው ጥናት ነገሩን ከቀዩ አፈር ጋር አያይዞ አሳየ፤ በሽታውም ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። የደቀቀው አፈር በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባና ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቤተሰብ ውስጥ ተጋላጭነት መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ሰው አይያዝም። የጀመረውም ቢሆን እግሩን በየቀኑ በሳሙናና ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ቢያጥብ፣ ቢያደርቅ፣ ቫዝሊን ቢቀባ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ቢያደርግ ይሻለዋል። ይህን የተማርኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሲያሳየን የታየችኝ ያቺ ልጅ ናት።

መራዊ ላይ ጠይቄ፣ በባጃጅ ጥቂት፣ በእግር ብዙ ሄደን ቤቷን አገኘነው። ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ሆናለች። አላገባችም። የወንድሟን ልጆች አሳድጋለች። ሁለቱም እግሮቿ በፋሻ ተጠቅልለው፣ በልኳ የተሠራ ሰፊ ጫማ አድርጋለች።

ማንነቴን ስነግራት ትክ ብላ አየችኝ። «አንቱ ኖት እንዴ፣ ያን ነጩን ኪኒን የሰጡኝ?»

«እኔ ነኝ። ጫማ አድርጊ ማለት ነበረብኝ። አላወቅሁም ነበር።»

«እኛስ መች አወቅን» አለችና ቡናውን ልትቆላ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አላነሳችም። ከጓሮ ውኃ ሊቀዳ ባዶ እግሩን የወጣውን ትንሽ ልጅ ግን ከተቀመጠችበት ሆና እንዲህ ጮኸችበት፤ «አንተ! ኮንጎህስ?» ልጁ ሮጦ ተመለሰና የላስቲክ ጫማውን አጠለቀ። ከበሩ አጠገብ አምስት ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሰከላ ወጣን። መራዊም ሰከላም ያኔ የምዕራብ ጎጃም ነበሩ፤ ዋናው መንገድ ግን በአዊ በኩል፣ በዳንግላና በእንጅባራ ያልፋል። የአዊ ፈረሰኞችን በዓል በጥር ወር እንጅባራ ላይ ማየት የሚሻ አያት ካለ የልጅ ልጁን ይውሰድ፤ ያ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ከቲሊሊ ተገንጥለን ኮረኮንቹን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ በቆሎው ቀረና ገብስና ድንች ተተካ።

ግሽ ዓባይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 በፈረንጆች አቆጣጠር እዚህ ደርሰዋል፤ ብሩስ ሲመጣ የግሽ ነዋሪዎች አገዎች ነበሩ። ከሁለቱም ፈረንጆች በፊት ምንጩን ያውቁትና ያከብሩት ነበርና «አገኘው» የሚለው ቃል ያስቀኛል። ዛሬ ስፍራው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጸበል ነው። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ ተቀበሉ ይባላል። ልጅቷ ምንጩ ትንሽ መሆኑ አልዋጥ አላት። «ሱዳን የሚሄደው ይሄ ነው?» ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ። ከዚህ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ነው፤ ጣና ይገባል፣ ከጣና ደግሞ ታላቁ ዓባይ ይወጣል አልኳት።

ከግቢው ስንደርስ ጫማ አውልቁ ተባልን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ምድሩ ጭቃ ነው። ልጅቷ ጫማዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ የትናንቱን ሁሉ ሰምታለች።

«አያቴ፣ ላውልቅ?»

«አውልቂ» አልኳት። «ስንወጣ እናጥበዋለን።»

ስንወጣ ድንጋይ ላይ አስቀምጫት፣ ከያዝነው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አፍስሼ አጠብኳት። በነጠላዬ ጫፍ በየጣቶቿ መሃል ያለውን ቀይ ጭቃ አንድ በአንድ አወጣሁ፤ እየኮረኮራት ትስቅ ነበር። ከጎናችን የነበሩ አንዲት እናት ሲያዩን ቆዩና የራሳቸውን ልጅ እግር በቀሚሳቸው ይጠርጉ ጀመር። የተረፈንን ውኃ ሰጠኋቸው።