ሆለታ፣ ታሪክ የጀመረበት መንገድ

ከቡራዩ ወደ አምቦ ሲጓዙ ወጨጫ በስተግራ ይቀርና ሜዳው ይከፈታል። ሆለታን ገና ከመኪና ሳልወርድ ወደድኳት። የደጋው ብርድ፣ የወተት ላሞቹ፣ ለምለሙ መስክ፣ መንገድ ዳር የተከመረው ድንች፣ ሁሉም ዐይን ይይዛል። ልቤን የወሰደው ግን መንገዱ ራሱ ነው።

በትረካ ጥበብ መቼት ሲባል ብዙ ጊዜ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እዚህ ቆሞ የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ያስታወሰ ሰው ግን ቦታ ታሪክን ሲወልድ ያያል።

ትምህርት ቤቱ በ1927 ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በቪኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን ነበሩ፤ ዕጩ መኮንኖቹ ኮርሳቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት ደረሰባቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ገባ። ይህ ገና የድርጊቶች ተራ ነው። ሴራ የሚሆነው «ስለዚህ» ሲገባበት ነው፤ ከተማዋ ስለተያዘች፣ ሆለታም በምዕራቡ መንገድ ላይ ስላለች፣ ወጣቶቹ ወደ ነቀምት አቀኑ። እዚያ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ድርጅት ተቋቋመ። ገጸ ባሕርያቸውም በዚሁ ተገለጠ። ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብን የመሰሉ ልጆች ዙፋኑ ባዶ በሆነበት ሰዓት መበተን ይችሉ ነበር፤ አልተበተኑም። ስለ ጀግንነታቸው አንድ ገጽ ሙሉ ቅጽል ቢደረደር ይህችን ምርጫ አያህልም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የትረካ አንጻር ነው። በሰኔ 1928 ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ፤ ሌሊቱን ጥቁር አንበሶች አቃጠሏቸው፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ማልዮኮም ተገደለ። ከአውሮፕላኑ ሥር ሆኖ ለሚያየው ድንገተኛ እልቂት ነው፤ ከጨለማው ውስጥ ለሚመጣው ደግሞ ከዋና ከተማዋ መውደቅ በኋላ የተገኘ ድል። ሌሊቱ አንድ፣ ታሪኩ ሁለት!

እኔ ብጽፈው በአንድ ለጋ ዕጩ መኮንን አንደበት፣ በአንደኛ መደብ እተርከዋለሁ፤ ሆለታን ለቆ ወደ ምዕራብ ሲነሣ እጀምራለሁ። ጥቁር አንበሶችን የመሩት ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 እጃቸውን እንደሚሰጡ፣ ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ክፍሌና በላይን ጨምሮ ብዙ ጓደኞቹ እንደሚገደሉ እሱ አያውቅም። አንባቢው ግን ያውቃል። ሁሉን ዐዋቂ ተራኪ ይህን ታሪክ እንዲይዝብኝ የማልፈልገውም ለዚህ ነው።