ከየኔታ እስከ ዜሮ ክፍል

የኔታ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ወር ሲሞላ እናቶቻችን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው በእጃችን የሚልኩላቸው ሳንቲም ነበር፤ በበዓል ሙልሙል ይጨመርበታል፣ ሲቸግር ደግሞ «ለሚመጣው ወር ይቆዩን» የሚል መልእክት ብቻ ይደርሳቸዋል። እኛ መሬት ላይ ተኮልኩለን፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ፊደል በስንደዶ እየጠቆምን እንጮሃለን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተኝተዋል ብሎ ከ«ሐ» ወደ «ሠ» የዘለለ ልጅ ግን አለንጋዋ ጀርባው ላይ ስታርፍ ነው የሚባንነው። መንግሥት እዚያ ግቢ ደርሶ አያውቅም፤ የጠበቀውም አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የአንድ የተወረሰ ቤት ሳሎን አጽድቶ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። ታናሽ እህቴ እዚያ ገባች። መዝሙሩ ስለ አብዮት ነበር፤ ልጅ ግን ዜማውን እንጂ ቃሉን መቼ ይሰማል!

ወላጅን የምታስተምረው ደግሞ ጎረቤት ነበረች። አራስ ልትጠይቅ መጥታ ገንፎዋን እየበላች «ቅቤ አስውጪው» ትላለች፤ ሕፃኑ ካሳለው «እንጥሉ ወርዷል፣ አስቆርጪው»። ደጉ ዘመን እያሉ ለሚያወሩኝ እኩዮቼ ይህችን ሁልጊዜ አነሳባቸዋለሁ። ጎረቤትን መጀመሪያ የተገዳደሯት፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራና ከዚያ የተገኘው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ናቸው። ከ1995 ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቧን ይዛ በየደጁ መጣች።

የፖሊሲው ወረቀትም ከዚያ በኋላ አማረ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ትንንሾቹን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጊ ትቷቸው ነበር፤ በ2002 ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድ ማዕቀፍ ፈረሙላቸው። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥግ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገባበት ዜሮ ክፍል ተከፈተ። አዲስ አበባም ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ታበላለች፤ ለዚህስ ባርኔጣዬን ሳይሆን ጋቢዬን አወርዳለሁ። ያም ሆኖ ልጄ የልጅ ልጄን የግል አስገብታዋለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የጭማሪው ደብዳቤ ይመጣላታል። «ለምን የመንግሥቱ አይገባም?» ብላት «አባዬ፣ ዜሮ ክፍሉን ገብተህ አይተኸዋል?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር።

ቅድመ አንደኛ ትምህርት ላይ በተጠራ አንድ ስብሰባ አጠገቤ የተቀመጠችው የዜሮ ክፍል መምህርት ነበረች። መድረኩ ላይ በጀት በልጅነት ላይ ቢውል ለአገር ስለሚያተርፈው ትርፍ ይነገራል። እሷ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እኛ ጠመኔውን እንኳ ከወላጅ ነው የምንለምነው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። «ዜሮ ክፍል ነው የማስተምረው ስላቸው ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? ‹አይዞሽ፣ አንደኛ ክፍል ያሳድጉሻል።›»